ጭንቅላቱ የተለካ ሰው ፍለጋ

ፎገራ ሜዳ ላይ አንድ ነገር ጠፋ ከተባለ ዘመኑ ይጠራል። ሰረቀ ተብሎ አይደለም፤ ያገኛል ተብሎ ነው እንጅ። በሬ ቢጠፋ ዘመኑ፣ የሽንኩርት ማሳ ላይ ያደረ የውሃ ሞተር ቢጠፋ ዘመኑ፣ ባሏን አኩርፋ የኮበለለች ሴት እንኳ ብትኖር «እስቲ ዘመኑን ጠይቁት» ነው። ወረታ ፖሊስ አለ፣ ፍርድ ቤት አለ፤ ቢሆንም ንብረቱ የጠፋበት ሰው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የዘመኑን በር ነው።

አንድ ጊዜ የወልደ ሥላሴ በሬ ጠፋ። የፎገራ በሬ ነዋ! የፎገራን በሬ ያላየ ሰው፣ በሬ አይቻለሁ ባይል ይሻለዋል። ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር፣ ሻኛው እንደ ጎጆ ጉልላት የቆመ፣ ሲራመድ መሬቱ «መጣ» የሚል። እኔ ራሴ አንድ ነበረኝ፤ ይፋግ ገበያ ይዤው ስገባ ሰው ግብይቱን ትቶ እሱን ይከተል ነበር። እሱን ተወው፣ ከጀመርኩት አልጨርስም። የወልደ ሥላሴን በሬ ግን ዘመኑ በግማሽ ቀን አገኘው።

መንገዱ አንድ ነው፤ አውጫጭኝ። የሰፈሩን ሰው በሙሉ ከሾላው ሥር ይሰበስብና አንድ በአንድ እያስነሳ ያስምለዋል። «አላየሁም፣ አልሰማሁም፤ አይቼ ሰምቼ ብደብቅ እንዲህ ያርገኝ» እያለ ሁሉም ይምላል። የደበቀ ሰው እዚያ ላይ ምላሱ ይተሳሰራል። ዘመኑ ደግሞ ምላስም አይጠብቅም፤ ጆሮ ነው የሚያየው። የሚዋሽ ሰው ከጆሮው ሥር ይቀላል ባይ ነው። አሁን ሰባ ዓመት አልፎታል፣ ዓይኑም ደክሟል፤ ጆሮ ማየቱን ግን አልተወም።

እንግዲህ ክረምቱ ሲወጣ የእህቱ ልጅ ትርሲት ከዩኒቨርሲቲ መጣች። ትርሲት የተማረች ናት፤ ተምራ ጨርሳ እንደገና የምትማር። ዶክተር ልትሆን ነው ሲባል የሰማ የሰፈር ሰው ሁሉ ወገቡን ይዞ መጣ። «እኔ የታሪክ ነኝ» ብትላቸው «ግድ የለም፣ አንዴ ብቻ ንኪው» ያሏት አሉ።

ዘመኑ ከደጁ መደብ ላይ አስቀመጣትና ፊቷን አየ።

«ምን ጠፍቶሽ ነው እንዲህ የጠቆርሽ?»

«ሰው፣ አያ ዘመኑ።»

«ለመጨረሻ ጊዜ የት አየሽው?»

«አይቼው አላውቅም።»

ዘመኑ እንዲህ ዓይነት ጉዳይ ገጥሞት አያውቅም። ጋቢውን አስተካክሎ «በይ ከሥሩ ንገሪኝ» አላት።

«ጀርመን ላይ ሂትለር የሚባል ሰው ነግሦ ነበር» አለች። «እሱና ናዚ የሚባሉት ሰዎቹ፣ ይኼ ዘር ጌታ ነው፣ ይኼ ዘር ባሪያ ነው፣ ይኼኛው ጭራሽ መኖር የለበትም እያሉ ስንት ሚሊዮን ሰው ፈጁ። ለዚህ ነገራቸው ማስረጃ የሚለቅሙላቸው ምሁሮች ነበሯቸው። አንዱ፣ ጣሊያን ጎንደርን በያዘ ጊዜ፣ እዚህ ፎገራ ድረስ መጥቶ የሰው ጭንቅላት ለክቷል።»

«በምን?»

«ጉጠት በመሰለ ብረት።»

«ለክቶስ?»

«በልኩ ይፈርዳል። ይኼ የማሰብ ዘር ነው፣ ይኼ አይደለም ይላል።»

ዘመኑ ሳቁ መጣ። «እኛ እንኳ በሬ ስንገዛ ጥርሱን አይተን፣ አስሂደን፣ ጠምደን ሞክረን፣ ደግሞ የባለቤቱን ጠባይ ጎረቤት ጠይቀን ነው። ጭንቅላት ለክቶ በሬ የሚገዛ ቢመጣ ይፋግ ላይ ላም ነው የሚሸጡለት!»

ትርሲት አልሳቀችም። ከቦርሳዋ ሁለት ፎቶ አወጣች። በአንዱ፣ ባርኔጣ ያደረገ ነጭ ሰውዬ ያን ጉጠት ይዞ ቆሟል። በሌላው ላይ የአንድ ልጅ ፊት አለ፤ ፊቱ ግን ሥጋ አይደለም፣ ከነጭ ጀሶ የተቀዳ ነው፤ ዓይኑ ተጨፍኗል። ከጀርባው በፈረንጅ ፊደል ፎገራ ይላል፣ ቁጥር አለው፣ ስም የለውም።

«የሚመራኝ መምህር ምን አለኝ መሰለዎት? ያለሽ ሁሉ ለኪው የጻፈው ነው፤ የተለካው ሰው ምን ይላል? አንድ የተለካ ሰው በሕይወት አግኝተሽ ቃሉን ካላመጣሽ ይኼን ምዕራፍ አልቀበልም አለኝ። እስከ ኅዳር ነው የሰጠኝ። እውነቱንም ነው፣ አያ ዘመኑ። ሰውዬው አንዴ ለክቷቸው ሄዷል፤ እኔ ደግሞ እሱ የጻፈውን ብቻ ብጽፍ ሁለተኛ መለካት ነው።»

«የተለካ ሰው ነው የጠፋሽ?»

«አዎ። ያኔ ልጅ የነበረ፣ አሁን ዘጠና ዓመት ያለፈው። በቀስታ ቤት ለቤት እየዞርን፣ ከሽማግሌ ጋር እየተጨዋወትን...»

«ቤት ለቤት የሚዞር የቆሎ ተማሪ ነው» አላት። «ለኔ ተይው። እንኳን ሰው በሬ አግኝቻለሁ።»

በማግስቱ ዘመኑ ወጥቶ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አውጫጭኝ አለ፣ የቀረ ወየውለት ብሎ ለፈፈ። ምን እንደጠፋ ግን አልተናገረም። ወጉ ነው፤ ቀድሞ ከተነገረ የደበቀው ሰው መልሱን አዘጋጅቶ ይመጣል። ያልተነገረ ነገር ደግሞ ሰው ራሱ ይሞላዋል። ሚስቱ ብርክቲ ጠላ ትሸጣለች፤ ቅዳሜ ማታ ሳይደርስ ወሬው ከብርክቲ ቤት ገብቶ፣ ጠጥቶ፣ ወፍሮ ወጣ።

«ትርሲት ከጀርመን ወረቀት ይዛ መጥታለች አሉ።»

«የምን ወረቀት?»

«በጣሊያን ጊዜ ከፈረንጅ ጋር የዋለ ሰው ሁሉ ያለበት። አባቱ ባንዳ የነበረ ሊለይ ነው።»

ብርክቲ ማታ ባሏን «አንተ ሰውዬ፣ ሰው ፈርቷል፤ ነገሩን ግልጥ አድርገው» ብትለው «የፈራ ካለ እሱ ነው የምፈልገው» ብሎ ተኛ።

እሁድ ሾላው ሥር ያልመጣ አልነበረም። ዘመኑ በትሩን ተደግፎ ተነሳ። «ጀርመን መጥቶ የሰው ራስ ለክቷል። የተለካ፣ ሲለካ ያየ፣ ወይ ካባቱ የሰማ፣ እና የደበቀ፣ ዛሬ ይለያል!» አለ። የበሬ ሌባ ሲፈልግ የሚናገረው ይኼንኑ ነው፤ በሬውን አውጥቶ ጀርመኑን ከተተበት።

የመጀመሪያው ተነስቶ ማለ። ሁለተኛው ማለ። ሸዋዓለም የሚባል፣ ገና ሠላሳ ያልሞላው ቀልደኛ ተነስቶ «አላየሁም፣ አልሰማሁም! ጭንቅላቴን ተለክቼ አላውቅም፤ ቆብ ስገዛ እንኳ በግምት ነው! ዋሽቼ እንደሆን ሩዜን ግሪሳ ይልቀመው!» አለ።

ትርሲት ከመቀመጫዋ ተነሳች። «አያ ዘመኑ፣ ኧረ ይቁም! እኔ ወሬ ነው የምፈልገው፣ መሐላ አይደለም!»

«ዝም በይ፣ ሥራ ላይ ነኝ» አላት፤ ዓይኑ ከሰው ጆሮ ላይ ነው።

ተራው አያ ደረሰ ጋ ደረሰ። አያ ደረሰ የሰፈሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ዘጠና ምናምን ዓመታቸው ነው፣ ጆሯቸው ከበድ ይላል፣ ጥርሳቸው ግን ዛሬም ጥራጥሬ ይሰብራል። የልጃቸው ሚስት አመተ ሥላሴ ክንዳቸውን ይዛ አስነሳቻቸው።

«አላየሁም፣ አልሰማሁም» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «አይቼ ብደብቅ ገደል ይክተተኝ!»

«ኧረ አባባ!» አለ ሸዋዓለም። «ፎገራ ላይ ገደል የት አለና ነው? እሱስ መሐላ አይሆንም!»

ሰው ሳቀ። እውነቱን ነው፤ ሜዳችን እንደ ዘረጉት ሰሌን ነው፣ አንድ ሰው ሊወድቅ ቢፈልግ ጎንደር ድረስ መሄድ አለበት። ዘመኑም ቆጣ ብሎ «እዚህ ያለ ነገር ይጥሩ፣ አያ ደረሰ» አላቸው።

አያ ደረሰ ጥቂት አሰቡ። «እሺ። ርብ ይውሰደኝ።»

አሁን ማንም አልሳቀም። ርብ ወንዛችን ነው፤ በክረምት ሲሞላ ከብትም ሰውም ጎጆም አይመርጥም፣ የአያ ደረሰ ቤት ደግሞ ከዳሩ ነው። አመተ ሥላሴ «ምነው አባ!» ብላ አፏን ያዘች።

ሁሉም ምለው አለቁ። ዘመኑ የቀላ ጆሮ አላገኘም፤ ይልቅ በፀሐዩ የሁሉም ጆሮ ቀልቶ ነበር። ትርሲት ልታለቅስ ደርሳ «በቃ፣ ይኼን ብቻ እዩልኝና ሂዱ» ብላ ጉጠት የያዘውን ሰውዬ ፎቶ አዞረች። ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ አያ ደረሰ ጋ መጣ። ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፤ አራቁት፤ እንደገና አስጠጉት።

«ይኼ ባርኔጣ ሰፊው አይደለም?» አሉ። «አይ ቀጣፊ! ባርኔጣውን ሳይልክልን በዚያው ቀረ እኮ!»

ሾላው ሥር በሬ እንኳ ቢኖር ማመንዠኩን ያቆም ነበር። ከዚያ ሸዋዓለም መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ሰው ሁሉ ተንከተከተ። አያ ደረሰ ግን ያሉት ነገር ቆይቶ ገባቸውና ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡ።

ዘመኑ በትሩን ሰማይ ላይ ሰቀለ። «ተገኘ! አላልኩሽም፣ ትርሲት? ተገኘ!»

«ምኑ ነው የተገኘ?» አለች አመተ ሥላሴ፤ ነብር ሆናለች። «የዘጠና ዓመት ሽማግሌ በአደባባይ በውሸት አስምለህ ርብን አስጠራህብኝ! ርብ ከጓሯችን ነው ያለው፣ ውሃው ገና አልጎደለም! አንተ በሬ ፈልግ፣ ሰው ተው!»

ትርሲት ተንበርክካ «አባባ፣ ይንገሩኝ፤ እባክዎ» አለቻቸው።

«አልናገርም ልጄ። ብናገር አይቻለሁ ማለት ነው። አይቻለሁ ካልኩ ዋሽቻለሁ ማለት ነው። ርብ ደግሞ ይሰማል።»

ተነስተው ሄዱ። ለወንዙ ጀርባቸውን እንዳይሰጡ በጎን በጎን እየተራመዱ ነው የሄዱት።

ያን ሳምንት ዘመኑ እንዴት እንዳለፈው ልንገርህ? ወረታ ሲወርድ የባጃጅ ሾፌር ሳይቀር «አያ ዘመኑ፣ ባርኔጣው መጣ?» ይለዋል። እሱን ይችለው ነበር። ያልቻለው የትርሲትን ዝምታ ነው። አልተቆጣችም፣ አልወቀሰችም፤ ልብሷን አጣጥፋ ከቦርሳዋ ስትከት አያት። የምትፈልገው ሰው ተገኝቷል፣ ከሩዙ ማሳ ወዲያ ቁጭ ብሏል፤ አፉን የቆለፈው ደግሞ ዘመኑ ነው። ሌባ ቢሆን ያስፈታው ነበር፤ ሽማግሌ በገዛ መሐላው ሲታሰር ግን ማን ያስፈታል?

«ቦርሳውን ተይው» አላትና በትሩን አንስቶ ወጣ። አያ ደረሰን በግማሽ ልመና በግማሽ ጭቅጭቅ፣ አመተ ሥላሴን ከኋላ እያስከተለ፣ የሰፈሩ ነፍስ አባት ቄስ ሰውመሆን ቤት አደረሳቸው። ትርሲትም ተከተለች።

ቄስ ሰውመሆን ነገሩን እስከ መጨረሻ ሰሙ። አንድ ሁለቴ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ፤ ስቀው ነው የሚሉ አሉ። ከዚያ «አያ ደረሰ፣ ለምን ማሉ?» አሏቸው።

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። «አባቴ የቀበሌው ጭቃ ሹም ነበር። ልጆቹን ያሰለፈለት እሱ ነው፣ ታዞ። ባንዳ ሊሉት ነው ብዬ። ከሞተ ከሰማንያ ዓመት በኋላ ማን ይሟገትለታል? ደግሞስ ሰው የሚያውቀው ማሰለፉን ነው። መጀመሪያ ማንን እንዳስቀደመ የሚያውቅ የለም።»

«ማንን አስቀደመ?» አለች ትርሲት።

«እኔን ነዋ። የሰው ልጅ ሳይነካ የራሴ ይነካ፣ ከተረፈ ሌላው አይፈራም ብሎ።»

ቄሱ መስቀላቸውን አነሱ። «መሐላው ይፈታል። ወንዛዬ ወርደው ይጠመቁ፣ አያ ደረሰ።»

«ወንዛዬ? ፍል ውሃው?» ደስ አላቸው። «እግረ መንገዴን ጉልበቴንም ነዋ!»

«ግን በሌባ ጥያቄ ሌባ ያልሆነውን ሰው ሁሉ ያስማለ አለ።» ሁሉም ወደ ዘመኑ ዞሩ። «አንተ ስግደትህን ትሰግዳለህ። ደግሞ እኚህ ሰው ቃላቸውን ሰጥተው እስኪጨርሱ ከአጠገባቸው ትቀመጣለህ፤ ከአፍህ አንዲት ቃል እንዳትወጣ።»

«አንዲትም?»

«አንዲትም።»

«ቢሳሳቱስ፣ አባቴ?»

«ቢሳሳቱም።»

ከወንዛዬ በተመለሱ ማግስት አያ ደረሰ ታጥበው፣ አምሮባቸው፣ ከደጃቸው ተቀመጡ። ትርሲት የድምፅ መቅረጫዋን ከመደቡ ላይ አኖረች። ዘመኑ ከጎን ተቀመጠ፤ ገና ሳይጀመር ላብ በላብ ሆኗል።

«ይፋግ፣ በገበያ ቀን ነው» አሉ አያ ደረሰ። «ፈረንጁ ሳጥን ከፈተ። ብናይ ዓይን! የመስታወት ዓይን ተደርድሮ፤ ሰማያዊው፣ ቡናማው፣ አረንጓዴው። ለካ የዓይናችንን ቀለም ሊያስተያይበት ነው፤ እኛ የማንን አውጥቶ ነው ብለን ጮህን። የዚህ የዘመኑ አያት፣ ጎልማሳ ሰው፣ ሳጥኑን ሲያይ እየሮጠ ሄዶ ከከብት በረት ገባ። እበት ለብሶ ነው የወጣው!»

ዘመኑ አያቱ ጣሊያንን ብቻቸውን ይፋግ ላይ እንዳቆሙ ለሰው ሲያወራ ስንት ዓመቱ ነው። አፉ ተከፈተ። አመተ ሥላሴ ጣቷን አነሳች። አፉ ተዘጋ። የአንገቱ ሥር ተገተረ፤ ጆሮው ሥርም ቀላ።

«ከዚያ በጉጠቱ ራሴን ያዘኝ፤ ለካ፣ ጻፈ፤ ለካ፣ ጻፈ። ባርኔጣ ሊሰፋልን ነው አልን። ራስ ለክቶ ሌላ ምን ይሠራል? እኔማ ቀይ እንዲያደርግልኝ ከአጠገባችን የቆመች የአንዲት ሴትዮ ቀይ መቀነት በጣቴ አሳየሁት። ጥርሴን ቆጠረ። ጸጉሬን ቆርጦ በወረቀት ጠቀለለ። ከዚያ አጋደመኝና ፊቴን በጀሶ ለበጠው፤ መተንፈሻ እንዲሆነኝ ባፍንጫዬ ሁለት ቀሰም ሰካልኝ። ጨለመ። እየደረቀ ሲሄድ ይሞቃል፣ ይጨመድዳል። እናቴ ስታለቅስ ይሰማኛል፤ አባቴ ‘ዝም በል ልጄ፣ አለሁ፣ አለሁ’ ይለኛል። ሲያነሳው ቅንድቤም አብሮት ሄደ።»

ትርሲት ያንን የጀሶ ፊት ፎቶ አወጣች። አያ ደረሰ ተቀበሏት፤ ለረጅም ጊዜ አዩት። በጣታቸው የልጁን ቅንድብ ነኩ። አመተ ሥላሴ ባማቿ ትከሻ ላይ ጎንበስ ብላ «ከንፈሩ የባሌ ነው» አለች በቀስታ።

«ለምን ፈለገው?» አሉ ሽማግሌው።

ትርሲት ነገረቻቸው። ዘር እያበላለጡ ስለፈጁት ሰው ሁሉ፣ ሳትደብቅ።

«እንግዲህ ባርኔጣው አለመምጣቱ ነው የጠቀመን» አሉ። ፎቶውን ከጉልበታቸው ላይ አኑረው «ያ ሰውዬ ይኼን ሁሉ ሲያደርግ ስሜን አልጠየቀኝም። ጥርሴን ቆጥሮ ስሜን አልጠየቀኝም» አሉ።

«አሁን እኔ ልጠይቅዎት። ማን ብዬ ልጻፍ?»

«ደረሰ በይ። ደረሰ ይሄይስ። ያባቴንም ጨምሪው፤ መጀመሪያ ማንን እንዳስቀደመም ጻፊው።»

ትርሲት ጻፈች። ምዕራፏ በኅዳር ተቀባይነት አገኘ፤ እሱ ሌላ ነገር ነው። እኔ የምልህ አያ ደረሰ ቃላቸውን በሰጡ ማግስት፣ እሁድ የሆነውን ነው። ቄስ ሰውመሆን ከቅዳሴ ሲወጡ ከቤታቸው ደጅ ሰልፍ ጠበቃቸው። አንዷን እናቷ፣ ሰው ሲለካ አይታ፣ ነግራታለች። አንዱ ያባቱ ጸጉር የተቆረጠበት ነው። ሌላው የሳጥኑን ዓይን ታሪክ ልጅ ሳለ ሰምቶ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚተኛው። ሁሉም ሾላው ሥር አላየሁም አልሰማሁም ብለው ምለዋል፤ አያ ደረሰ መናገራቸውን ሲያዩ እነሱም ይፈታልን ይላሉ። ሸዋዓለም ሳይቀር ከሰልፉ ገብቷል፤ ለካ ያችን ቀይ መቀነት ታጥቀው የነበሩት ቅድመ አያቱ ናቸው። ትርሲት መቅረጫዋን ይዛ ከሰው ሰው ትሮጣለች፤ ፊቷ በርቷል።

ዘመኑ ከሩቅ ቆሞ ሰልፉን አየና ቀለሙ ጠፋ። ቄሱ ጠሩት። «እነዚህን ሁሉ ያስማልክ አንተ ነህ። እያንዳንዱ ቃሉን ሲሰጥ ከጎኑ ትቀመጣለህ፤ እንደዚያው፣ ከአሁን ጀምረህ አፍህን ይዘህ።»

ዘመኑ ሊናገር ፈለገ፤ መናገር አይችልም። በእጁ ሰልፉን አሳየ፣ ፀሐዩን አሳየ፣ ጉሮሮውን አሳየ፣ እግዜርን አሳየ። ማንም አልተረጎመለትም።

ብርክቲ ናት ወደ ቄሱ ቀርባ መስቀላቸውን የተሳለመችው። በዚያ ቤት ስትኖር ሃምሳ ዓመቷ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ባሏ ሳያቋርጣት ነገሯን ጨርሳ አታውቅም።

«አባቴ» አለች ጎንበስ ብላ፣ «ምናልባት ምለው ያፈሩ፣ ያልመጡ ይኖራሉ። ከይፋግ ወዲያም ቢሆን አዋጅ ላስነግር?»